ዘሩ የገጠመ ኮምፒዩተር

ሰው አርባን ሲሻገር ፂም ያሳድጋል፣ ማኅበር ይገባል፣ ወይም ስለ መሬት ዋጋ ማውራት ይጀምራል። እኔ የኮምፒዩተር ዕቃ መልቀም ጀመርኩ። ያለቀለት ኮምፒዩተር አይደለም፤ እሱንማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛዋል። እኔ የፈለግሁት ዕቃውን አንድ በአንድ መርጬ በገዛ እጄ የምገጣጥመው፣ ጌም የምጫወትበት ኮምፒዩተር ነው።

«ጌም» የምትለዋን ቃል ግን እቤት ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም። ለባለቤቴ ያቀረብኩት ማመልከቻ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረው። አንቀጽ አንድ፦ አገሪቱ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ላሠልጥን ብላ ስትነሣ የእኛ ሁለት ልጆች ከቁጥሩ ሊጎድሉ አይገባም። አንቀጽ ሁለት፦ የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ሳለ የ180 አባወራ መዋጮ በቅባት በራሰ ደብተር መያዜ ያሳፍራል። ባለቤቴ ሁለቱንም በጥሞና ሰማች። ከዚያ «ለእድር መዋጮ ሰባት ቀለም የሚያበራ ማራገቢያ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ስልኬን አይታዋለች ማለት ነው።

በማመልከቻው ላይ ያልሰፈረው ሦስተኛው አንቀጽ የቆየ ነው። በሰፈራችን ጆተኒ ቤቶቹ ተራ በተራ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲለወጡ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። እኔ የዚያ ቤት ቋሚ ከፋይ ነበርኩ። ለደብተር የተሰጠኝ፣ ለታክሲ የተሰጠኝ፣ አንዴ እንዲያውም ለወፍጮ የተሰጠኝ ገንዘብ እዚያ ቀርቷል። «ተነሥ፣ ተረኛው ይቀመጥ» የሚል ሰው የሌለበት አንድ ወንበር እንዲኖረኝ ስመኝ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ።

የጉዳዩ ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠው ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የ16 ዓመት ልጅ ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለኝ ጨዋ ልጅ፣ ወሬው ኮምፒዩተር ሲሆን እንደ ሐኪም ቀና ይላል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በጀቱን ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለ። የሚያዝን ዝምታ ነበር።

«ይቻላል» አለ በመጨረሻ። «ግን ቦትልኔክ እንዳያደርግ እንጠንቀቅ።»

የጠርሙስ አንገት ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ጠርሙስ ምን እንደሚሠራ ግን አልገባኝም። አስረዳኝ። ግራፊክስ ካርዱ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ቶሎ ቶሎ ካላቀበለው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ በብርሌ ነው የተረዳሁት። ጋኑ ጢም ብሎ ሞልቶ የምትጠጣው በዚያች ቀጭን አንገት ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ የብርሌውን አንገት ማስፋት ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ጋብቻ ነበር። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ይጋባሉ። በእኛ አገር ወግ ሰው ሲጋባ ዘሩ እንዳይገጥም ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እዚህ ግን ዘሩ ካልገጠመ ሠርግ የለም። ዘሩ ሶኬት ይባላል። የኢንቴል ልጅ ኤኤምዲ ቤት አይገባም፣ ይህ ግልጽ ነው። ክፋቱ አንድ ቤት ውስጥም ቅርንጫፍ መኖሩ ነው። የኤኤምዲዎቹ ኤኤምፎርና ኤኤምፋይቭ በስም ወንድማማች ቢመስሉም አንዱ በሌላው በር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው የኤኤምፎር ፕሮሰሰር ከሆዱ ሥር 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከተለው ደግሞ እግር የለውም፤ እግሮቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

ልጁ ኤኤምፎርን መረጠልኝ። «አሮጌ ነው ይሉታል፤ ግን ራሙም ቦርዱም ርካሽ ነው። ለእርስዎ ይበቃል» አለ። «ለእርስዎ» ያላት ቃል ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋኝ አለፈች። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ይሁን ተባለ፤ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት። ከሳጥኑ ሳወጣው እጄ ተንቀጠቀጠ። አንዲት እግር ከታጠፈች ልክ እንደ ሰንበሌጥ አትቃናም፣ ትሰበራለች ብሎ አስፈራርቶኛል። ማዕዘኑ ላይ የወርቅ ቀለም ያላት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ሶኬቱ ላይ ካለችው አቻዋ ጋር ስትገናኝ ያለምንም ግፊት ራሱ ጥልቅ ብሎ ይገባል። የሚገፋ ካለ ተሳስቷል።

ዘሩ ገጠመ ብዬ ስደሰት ሌላ ጣጣ መጣ። በቅናሽ ያገኘነው ቢ450 ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ዓመታት ቀድሞ የወጣ ነው። ሶኬቱ ልክ ነው፤ ትውውቅ ግን የላቸውም። «ባዮሱ መታደስ አለበት» አለ ልጁ። ባዮስ እንደገባኝ ከሆነ የሽማግሌ ሥራ ነው የሚሠራው። በማዘርቦርዷ ጆሮ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡን እናውቃለን» ብሎ ካልመሰከረ ሙሽራው በር ላይ ይቀራል። ችግሩ፣ የእኛዋን ቦርድ ለማደስ መጀመሪያ እሷ የምታውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር መሰካት ነበረበት። አዲሱን ባል ለማስገባት የቀድሞው ባል መጥቶ ፈቃዱን ይስጥ እንደማለት። (ስሟ ራሱ ማዘር ነው፤ የቀድሞ ባል ቢኖራት ምን ይገርማል።) ቦሌ ያለ አንድ ባለሱቅ ከመሳቢያው አንድ አቧራ የለበሰ ፕሮሰሰር አወጣ፣ ሰካው፣ ባዮሱን አደሰ፣ ነቅሎ ወደ መሳቢያው መለሰው። የቀድሞው ባል አንዲት ቃል አልተናገረም።

የሠርጉ በሬ ግን ግራፊክስ ካርዱ ነው። የበጀቱን እኩሌታ የሚበላው እሱ ነው። ልቤ የሄደው አርቲኤክስ 3060 ላይ ነበር፤ ባለ 12 ጊጋዋ። እ.ኤ.አ. በ2021 ስትወጣ ዋጋዋ 329 ዶላር ተባለ። ተባለ እንጂ በዚያ ዋጋ ያገኛት ዕድለኛ ነው። ዲጂታል ገንዘብ ቆፋሪዎች ካርዶቹን እንደ ጤፍ በጆንያ ያነሷቸው ነበር። በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2015 ኢተሪየም የሚባለው ገንዘብ በካርድ መቆፈርን ሲተው ሥራ የፈቱት ካርዶች ወደ ገበያው ጎረፉ። የዓለም ሰው በርካሽ ሸመተ። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ማመልከቻዬን እያረቀቅሁ ነበር።

ማመልከቻዬ ጸድቆ ስነሣ ደግሞ ዶላሩ አብሮኝ ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን ዘለለ። እኔ ሒሳብ ብዙም አልወድም፤ ያን ሰሞን ግን ማታ ማታ ከማባዛት በቀር ሥራ አልነበረኝም። 329 ሲባዛ በ57፣ 18,753። 329 ሲባዛ በ100፣ 32,900። ካርዷ ከመደርደሪያዋ ንቅንቅ አላለችም፤ ወደ ኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ያገለገለች ፍለጋ ወጣን። መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የስልክ ሽፋን ከሚሸጡት መሃል አንድ ወጣት ሁለት ካርዶች አወጣልን። እዚህ ጋ እኔም የራሴ ዕውቀት እንዳለኝ ተሰማኝ። የፋሲካ በግ ለሃያ ዓመት የገዛሁ ሰው ነኝ። በግ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ ወገቡ ይጨበጣል፣ ላቱ በመዳፍ ይመዘናል። ካርዷን ተቀበልኩና መዘንኳት። ከበድ ትላለች። ወገቧን ጨበጥኩ። ባለሱቁ ልጁን አየው፤ ልጁ ወለሉን አየ።

«ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ የራሱን የጥርስ ምርመራ ጀመረ። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ተፍቆ እንደሆነ አየ፤ የተፋቀ ብሎን ካርዷ ተከፍታ ነበር ማለት ነው። ማራገቢያዎቹን በጣቱ አሽከረከረ፤ የሚንገዳገድ ካለ ይታወቃል። ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ማሽተቱ ትንሽ አጽናናኝ፤ እኔም ቢሆን ቅቤ የምገዛው እንዲሁ ነው። በመጨረሻ የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ተሰክታ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ እንድትሠራ ይደረግ አለ። ባለሱቁ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን ተሰካች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሦስታችን ሙቀቷን በሚያሳየው ቁጥር ላይ አፍጥጠን እንደ ታማሚ ቤተሰብ ቆምን። 60፣ 66፣ 71፣ እዚያ ቆመች። ልጁ ራሱን ነቀነቀልኝ። ዋጋውን መከራከር ለእኔ ተተወ፤ እሱን ደግሞ እችልበታለሁ። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ።

ራሙ ቶሎ አለቀ፤ ምክንያቱም የገበሬ ልጅ ነኝ። «አንድ ባለ 16 ከሚገዙ ሁለት ባለ 8 ይግዙ፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ» ሲለኝ ማብራሪያውን አላስጨረስኩትም። አንድ በሬ የቱንም ያህል ቢወፍር አያርስም። አባቴ አንዱ በሬ የሞተበት ዓመት ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ነው ያረሰው። እዚህ ላይ የተለየው ነገር ጥማዱ ጎን ለጎን አይቆምም፤ አራት ቀዳዳ ካለ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። እኔ ጎን ለጎን ሰክቼ ልጁ ነቅሎ አስተካክሎታል፤ ይህን ለባለቤቴ አልተናገርኩም።

ይህ ሁሉ ስለሚገባበት ሳጥን ብዙ ማለት አልፈልግም። ጎኑ መስተዋት ነው፣ ማራገቢያዎቹ ያበራሉ። ብርሃኑ ለፍጥነት ጠብታ እንደማይጨምር ልጁ በግልጽ ነግሮኛል። ቢሆንም ገዛሁት። የሠርግ መኪና ላይ አበባ የሚደረገው ሞተሩ እንዲፈጥን አይደለም።

ባለቤቴ የምትፈራው ሌላ ነበር፤ ቆጣሪውን። እዚህ ላይ ተዘጋጅቼ ነው የጠበቅኋት። ካርዷ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ሌላው ተጨማምሮ ከ300 ብዙም አይርቅም። «ያንቺ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ነው የሚወስደው» አልኳት። ዝም አለች። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስታሰላ ነው ለካ። «እንግዲያው» አለች፣ «እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አታበራውም፤ ምጣዱ ብቻውን ሲሆን እንኳ መስመሩ ይዘላል።» እንዲህ ሆኖ የጌም ሰዓቴ ገና ኮምፒዩተሩ ሳይገጣጠም በሳምንት ሁለት ቀን ተቀነሰ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዚህ ሁሉ ወራት አንድ ዕቃ ላይ ማንም አላፈጠጠም፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ። ሰው ድግስ ሲያስብ ስለ በሬው፣ ስለ ጠጁ፣ ስለ ድንኳኑ ያስባል፤ ስለ ማገዶው ማን ይጨነቃል? ልጁ አንዴ «ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላይ ላይ አይቆጥቡ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነበረኝ። ለጥምቀት ሊመጣ ነው። የውጭ ዘመድ ሻንጣ ሕግ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ የሚያመጣው ዕቃ የሁሉም ዘመድ፣ «ኪሎ የለኝም» የሚባለው ግን ለአንተ ብቻ ነው። እሱ ግን «ካልሲ መሃል አስገባልሃለሁ» አለ። ራሙንና ሃርድ ዲስኩን አመጣ። ከአሮጌ ኮምፒዩተሩ የነቀለውን ፓወር ሰፕላይም በነፃ ጨመረልኝ። «600 ዋት ነው፤ ይበቃሃል።» ሲመለስ በዚያው ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ሞልቶ ሄደ። ሒሳቡ የተዘጋ መሰለኝ።

አንድ እሑድ ልጁ ፈተና ይዞት ሲያጠና እኔ ትዕግሥት አጣሁ። ብሎን ማጥበቅ አያቅተኝም። ገጣጠምኩ። ገመዶቹን እንደ ልጅነቴ የገና ጨዋታ ኳስ ጠቅልዬ ከጀርባ ደበቅኳቸው። ፓወር ሰፕላዩ ከበስተኋላው አንዲት ቀይ ማብሪያ ነበረችው፤ መሃሏ ላይ 115 ተጽፎባታል። የዕቃው መለያ ቁጥር ነው ብዬ አለፍኳት።

አሜሪካ ግድግዳ ውስጥ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ያቺ ቀይ ማብሪያ ያለችው ለዚህ ነበር፤ በጥፍር ገፋ አድርጎ ወደ 230 ማዛወር ብቻ። ጥሩ ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ሁለቱንም ራሳቸው ለይተው ያስተናግዳሉ፤ ማብሪያዋ ያለችው ርካሾቹና አሮጌዎቹ ላይ ነው። ይህን ሁሉ አሁን አውቀዋለሁ።

ሰካሁ። ተጫንኩ።

ጧ!

ከሳጥኑ ጀርባ ሰማያዊ ብልጭታ፣ ከዚያ ቀጭን ጢስ፣ ከዚያ የሳሎኑ መብራት ጠፋ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ የፕሮግራሙ አካል መስሏቸዋል። ባለቤቴ ከማድ ቤት «ምን ተቃጠለ?» አለች።

«ሽንኩርት ይሆናል» አልኩ።

ሽንኩርት የምታቁላላው እሷ ናት።

ልጁን ከፈተናው አስነሥቼ አመጣሁት። ገብቶ ሳይቀመጥ አሸተተ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ቀይዋን ማብሪያ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። በዕድሜ ሦስት እጥፉ ገደማ ስለሆንኩ የሚለውን አልተናገረም፤ ግን ዓይኑ ውስጥ ተጽፎ አነበብኩት። አንድ በአንድ ነቅሎ፣ እሱ ቤት ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ሞከራቸው። ማታ ላይ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ካርዷ ደኅና ናት። ፕሮሰሰሩ ደኅና ነው። ጥማዱ ደኅና ነው። ማገዶው ብቻውን ተቃጥሏል፤ ዋናውን ጉዳት ራሱ ላይ ወስዶ ሌላውን አትርፏል። የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ሠራልህ?» ሲለኝ «አገልግሎቱን ጨርሷል» አልኩት። በርበሬውን እየበላ ሰው አይቀየምም።

አዲሱን ለመግዛት ስንወጣ ባለቤቴም አብራን መጣች። በሱቁ ውስጥ ከማንኛችንም በፊት ዕቃውን ተቀብላ ጀርባውን ገልብጣ አየች። «ቀይ ነገር የለውም» አለች። 550 ዋት፤ ለካርዷ አምራቹ የሚመክረው ልኩ ይኸው ነው። ከጎኑ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ዩፒኤስም ገዛን፤ እሱን እሷ ናት የጨመረችው።

በዚህኛው ጊዜ ቁልፉን የተጫነው ልጁ ነው። ማራገቢያዎቹ ሰባቱንም ቀለም አፈለቁ፣ ስክሪኑ በራ። እኔ ቀድሜ አንድ ጌም የሚጭን ሱቅ ሄጄ፣ የእግር ኳሱን ጌም በሃርድ ዲስክ አስገልብጬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ወንበሬን ሳብኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅሁት ወንበር።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ቅባት የጠጣው የእድር ደብተር ነበር። ኪቦርዱ አጠገብ ዘርግታ ገጹን በመዳፏ ዳበሰችው።

«በል» አለች። «አንቀጽ ሁለት።»

ሦስት ማታ ፈጀብኝ። የአባወራ ስም፣ የወር መዋጮ፣ ውዝፍ፣ የቀብር ወጪ። ባለ 12 ጊጋዋ ካርድ አንዲት ጊዜ እንኳ አልሞቀችም፤ ማራገቢያዋ ሥራ ስላጣ መዞር ትቶ ቆሟል። የእድራችን ዳኛ ሊጎበኙ መጥተው ከመስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። አረንጓዴው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ካዩ በኋላ «የዚህ መብራት ሒሳብ ከእድሩ ነው ከአንተ?» ብለው ጠየቁኝ። ከእኔ መሆኑን ሲሰሙ ምርቃት ሰጥተው ሄዱ።

ልጁ በሦስተኛው ማታ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ፈተናውን ጨርሷል፣ ዓይኑ ያበራል።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው? በሰከንድ ስንት ፍሬም ይሰጣል?»

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

«180» አልኩት። «ሰባቱ ውዝፍ አለባቸው።»